አሮጌ ብስክሌት፦ ለማስቀመጥ፣ ለመንዳት ወይስ አሳምሮ ለመሸጥ?

አሮጌ ብስክሌት መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ስም ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው። ጥያቄው ግን አሳሳች ነው። ስም ያለው ገዝቶ የከሰረ ሞልቷል። ስሙ የማይታወቅ ገዝቶ ሃያ ዓመት በደስታ የሚነዳም አለ።

መቅደም ያለበት ጥያቄ «ምን ላደርገው ነው?» የሚለው ነው። ለማስቀመጥ የሚገዛ፣ ለመንዳት የሚገዛና አሳምሮ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው አንድ ብስክሌት ፊት ቢቆሙ ሦስት የተለያየ ዋጋ ይጠራሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ችግር የሚመጣው አንድ ሰው ሦስቱንም ልሁን ሲል ነው። ልቡ የወደደውን በውድ ይገዛል፣ ሲነዳው ይቧጭረዋል፣ ከዚያ አትርፌ ልሽጥ ይላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዚህ ሥራ ትርፍ የሚገኘው ስትሸጡ ሳይሆን ስትገዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያች ለመግዣዋ ደቂቃ የሚጠቅም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መስፈርቱ

እኔ አምስት ነገር ነው የማየው።

አንደኛ፣ ፍሬሙ። ቴላዮ የምንለው ማለት ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ ይለወጣል። ፍሬሙ ከተለወጠ ግን ሌላ ብስክሌት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫ። ጀማሪ የሚዘለው ይህንን ነው፣ ኪስ የሚያራቁተውም ይኸው ነው። የዱሮ ብስክሌት እንደ ዛሬው የጋራ ልክ አልነበረውም። እንግሊዝ በራሷ የብሎን ጥርስ፣ ጣሊያን በራሷ፣ ፈረንሳይም በራሷ ትሠራ ነበር። የፔዳል ክንዶቹን የሚያዞረው የመሃል ዘንግ የሚታሰርበት ጥርስ የእንግሊዝ ከሆነ ዛሬም አዲስ ዕቃ ይገኝለታል። የዱሮው የፈረንሳይ ልክ ከሆነ ግን ፍለጋ ትገባላችሁ። የመሪው አንገት እንኳ የፈረንሳዩ 22.0 ሚሊ ሜትር ሲሆን የብዙዎቹ 22.2 ነው። «0.2 ምን ታመጣለች?» አትበሉ። አይገባም፣ አለቀ።

ሦስተኛ፣ የገዢው ብዛት። ብርቅ መሆንና ተፈላጊ መሆን ለየቅል ናቸው። በጣም ብርቅ ሆኖ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የሌለው ብስክሌት አለ። በየቦታው የሚገኝ ሆኖ በማግስቱ የሚሸጥም አለ። ለሻጭ ሁለተኛው ይሻላል።

አራተኛ፣ ኦርጅናልነት። የፋብሪካ ቀለም፣ የፋብሪካ ስቲከር፣ ከፋብሪካ አብረውት የወጡ ዕቃዎች። አዲስ ቀለም ለማያውቅ ሰው ያምራል። ለሚያውቅ ግን «ምን ሊደብቅ ነው?» የሚል ጥርጣሬ ነው የሚያመጣው። የተቧጨረ የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ቦታና ጭነት። ጎማዎቹ ወልቀው ካርቶን የሚገባ ብስክሌት የትም ላለ ገዢ ይላካል። የማይገባ ከሆነ ገዢያችሁ መጥቶ የሚወስድ ሰው ብቻ ነው።

ስድስተኛም ነበረኝ፣ ግን መለኪያ የለውም። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ማየቱ ፈገግ ያሰኛችኋል ወይ? ለመሸጥ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ጥያቄ ዝለሉት። እንዲያውም ፈገግ ካሰኛችሁ ተጠንቀቁ፣ በውድ ልትገዙ ነው።

ዐይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል

ሻጩ ብስክሌቱን ጠራርጎ፣ ግድግዳ አስደግፎ ይጠብቃችኋል። ዐይናችሁ ቀለሙ ላይ ይሄዳል። እጃችሁ ግን ሌላ ቦታ ይሂድ። ከመሪው ሥር ተነስቶ ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ፣ ልክ ከላይኛው መጋጠሚያ ጀርባ፣ ከሥሩ በኩል በጣታችሁ ዳብሱ። ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ቱቦው እዚያ ጋ ትንሽ ያብጣል ወይም ይሸበሸባል። ቀለም ቢደብቀውም ጣት ያገኘዋል። ካገኛችሁት አመስግናችሁ ውጡ።

ቀጥሎ ክር አውጡ። ክሩን ከኋላው ጎማ ማሰሪያ በአንዱ በኩል አስነስታችሁ፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙራችሁ፣ በሌላው በኩል መልሱት። ከዚያ በክሩና በኮርቻው ቱቦ መካከል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ተጣሟል። የተጣመመ የብረት ፍሬም ይቃናል፣ ግን ለባለሙያ የሚከፈለው ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ሦስተኛው ፈተና የኮርቻው ዘንግ ነው። ብሎኑን አላሉና አዙሩት። ይንቀሳቀሳል? የአሉሚኒየም ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ዓመታት ያለ ግሪስ ከቆየ አንድ አካል ይሆናል። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። አንድ የሚያምር ሰማያዊ ፍሬም አየሁና ሳልፈትን ገዛሁ። ቤት ስደርስ ዘንጉ ንቅንቅ አልል አለ። ዘይት አፈሰስኩ፣ ገልብጬ አሳደርኩ፣ በብረት ማሰሪያ ይዤ ጎተትኩ። ሦስት ሳምንት! በመጨረሻ አፉን ቆርጬ፣ ውስጡን በመጋዝ ቀስ እያልኩ ሰንጥቄ ነው ያወጣሁት። ትርፉ ቀርቶ ቅዳሜዎቼም አብረው ሄዱ።

ዘንጉ ከወጣ ደግሞ ሌላ ወሬ ይነግራችኋል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ በላዩ ላይ ታትሟል። 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፍሬሙ ስስና ጥራት ካለው ቱቦ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። 26 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ብስክሌቱም ከባድ። የጎን ስቲከሩ የፈለገውን ይበል። ፈረንሳዮቹ ግን ለዚህ ሕግ አይገዙም። የቱቧቸው ውፍረት ራሱ ስለሚለይ ምርጡ ፍሬማቸው እንኳ ቀጠን ያለ ዘንግ ይይዛል።

የእንግሊዝ ባለ ሦስት ማርሽ

ራሌይና መሰሎቹ። ቀጥ ብላችሁ የምትቀመጡበት፣ ፓራፋንጎ ያለው፣ አንዳንዱ ፍሬኑ በገመድ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሠራ። ማርሹ ከኋላው ሞዞ (ከጎማው እምብርት) ውስጥ ተደብቋል። በጣም የተለመደው የስተርሚ-አርቸር ኤ-ደብልዩ ነው። በ1936 ወጣና ለአሥርተ ዓመታት ተሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። መካከለኛው ማርሽ ቀጥታ ነው፣ ዝቅተኛው በ25 በመቶ ያቀላል፣ ከፍተኛው በ33 በመቶ ያፈጥናል። ዘይት ካጠጣችሁት ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይሠራል።

ለሰብሳቢ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ብዙዎቹ ሞዞዎች ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት ታትሟል። አቧራውን በጨርቅ ስትጠርጉ ቁጥሯ ብቅ ትላለች። ግን ቀስ በሉ፣ ጎማው ሌላ ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ የሞዞው እንጂ የብስክሌቱ የልደት ወረቀት አይደለም።

ሥጋቱ የፔዳል ክንዶቹ ናቸው። ከዘንጉ ጋር የተያያዙት በብረት ሽብልቅ ነው። ያለ ትክክለኛ መሣሪያ በመዶሻ ብትደበድቡት ሽብልቁ ይጎብጣል፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል። ራሌይ በራሱ ፋብሪካ የሚጠቀምበት የተለየ ጥርስም ነበረው፣ ስለዚህ የውስጥ ዕቃ ሲቀየር ከሌላ ራሌይ መውሰድ ይሻላል። ጎማው ግን ይገኛል። ለመንዳት ከሁሉም ዓይነት እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ለሽያጭ ትርፉ ጠባብ ቢሆንም ቶሎ ይሄዳል።

የጣሊያንና የፈረንሳይ የውድድር ብስክሌት

ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው፣ ብዙ ማጭበርበርም ያለው እዚህ ነው።

ቢያንኪ በ1885 ሚላን ላይ ተመሠረተ። ኮልናጎ በ1954 ተከተለ። ካምፓኞሎ ከ1933 ጀምሮ ማርሹንና ሞዞውን ሠራ። ሰው እነዚህን ሲገዛ ታሪኩንም አብሮ ነው የሚገዛው። ቤልጂጋዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው በኮልናጎ የተሠራ ብስክሌት ነው። ይህ ዓይነቱ ታሪክ ዋጋ ላይ ይቀመጣል።

ፍላጎቱን ያጋለው ሌላም ነገር አለ። ጣሊያን ውስጥ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ ላይ በ1997 የተጀመረው ኤሮይካ የሚባለው ጉዞ በዋናነት ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ነው የሚያስገባው። ማርሽ መቀየሪያው ፍሬሙ ላይ መሆን አለበት፣ የፍሬን ገመዱ ከመሪው ውጭ፣ ፔዳሉም የእግር ማሰሪያ ያለው። ተመሳሳይ ጉዞዎች በሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ስለዚህ ከዚያ መስመር በፊት የተሠራ፣ ሳይቀያየር የቆየ የውድድር ብስክሌት ሁልጊዜ ጠያቂ አለው።

ማጭበርበሩስ? ስቲከር ርካሽ ነው። ማንም ተራ ፍሬም ቀለም ቀብቶ ትልቅ ስም ይለጥፍበታል። ስለዚህ ስቲከሩን ተዉትና ብረቱን አንብቡ። የኮርቻ ዘንጉ ስንት ነው? የኋላ ጎማው የሚታሰርበት ጫፍ ላይ የካምፓኞሎ ስም ተቀርጿል ወይስ ቀጭን ቆርቆሮ ነው? መጋጠሚያዎቹ ላይ የሠሪው ምልክት አለ? ማርሽ ቀያሪው የ1970ዎቹ ካምፓኞሎ ከሆነ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ጎን ሁለት አሃዝ ታያላችሁ። 78 ካለ 1978 ነው። ሻጩ «የ1969 ነው» እያለ ዕቃው 78 ካለ፣ ወይ ዕቃው ተቀይሯል ወይ ሰውዬው ይዋሻል። ሁለቱም ለድርድር ይጠቅማችኋል።

የፈረንሳዮቹን ለብቻ ላንሳ፣ ምክንያቱም እወዳቸዋለሁ። ፔጆ ፒኤክስ-10 ሲነዳ እንደ ቅቤ ነው። ግን የጥርሱና የልኩ ጉዳይ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ ነው። በዚያ ላይ የፈረንሳዩ ዕቃ ሠሪ ሲምፕሌክስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ማርሽ ቀያሪ ከፕላስቲክ ሠርቷል። ያ ፕላስቲክ ዛሬ ይሰነጠቃል። በርካሽ የሚሸጡት በዚህ ምክንያት ነው። ለመንዳት ግዙ፣ ሁለተኛ ለዕቃ የሚሆን ጨምራችሁ ያዙ። ለመሸጥ ግን ካልለመዳችሁት አትጀምሩ።

የጃፓን ብስክሌት

ፉጂ፣ ሚያታ፣ ፓናሶኒክ፣ ብሪጅስቶን። የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ ምርቶች በሥራ ጥራት ከማንም አያንሱም። ጥርሳቸው በአብዛኛው የእንግሊዝ ልክ ስለሆነ መለዋወጫ አያስቸግርም። ማርሻቸውም ይሠራል። የጃፓኑ ዕቃ ሠሪ ሰንቱር በ1964 ያወጣው ዘወር ያለ አንጓ ያለው ማርሽ ቀያሪ አሠራሩ ከጊዜው አውሮፓውያን የተሻለ ስለነበር፣ የባለቤትነት መብቱ ሲያበቃ ሁሉም ቀድተውታል። ሌላው ዕቃ ሠሪ ሺማኖ ዕቃው ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ያትማል። የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ነው የሚነግረው። የፊደላቱ መነሻ 1976 ነው።

ታዲያ ምን ጎደላቸው? ዝና። ስለዚህ ከጣሊያኖቹ በጣም በታች ይሸጣሉ። ለጀማሪ ሻጭ የምመክረው ግን ይህንን ነው። በርካሽ ይገዛሉ፣ ሲፈቱ አያለቅሱም፣ ሲገጠሙም ያለ ጣጣ ይገጠማሉ። ጎማቸውን ብቻ አስተውሉ። የብዙዎቹ ቸርኬ 27 ኢንች የሚባለው ሲሆን ጎማው 700 ሲ ከሚባለው ሌላ ልክ ጋር አይለዋወጥም። የቸርኬው ልዩነት በዲያሜትር 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፣ ጎማው ግን በፍጹም አይገባም።

የአሜሪካ ወፍራም ጎማና የልጆች ብስክሌት

ሽዊን በ1933 ወፍራሙን ጎማ አመጣ። ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክል የሚመስሉ፣ የውሸት ነዳጅ ታንክ ያላቸው፣ ፋኖስና ክሮም የበዛባቸው ብስክሌቶች ተከተሉ። በ1963 የልጆቹ ስቲንግ-ሬይ፣ ከ1968 እስከ 1973 ደግሞ ባለ ብዙ ቀለሞቹ ክሬት ወጡ። ገዢያቸው ብዙውን ጊዜ በልጅነቱ ተመኝቶ ያላገኘው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይከራከርም።

ችግሩ ሁለት ነው። ከባድ ስለሆኑ ጭነታቸው ያስመርራል። ደግሞም አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች ገበያውን ሞልተውታል። ሽዊን ራሱ በ1995 ብላክ ፋንተም የሚባለውን ሞዴሉን እንደገና አውጥቷል። እሱ መጥፎ ብስክሌት አይደለም፣ ግን የ1950ዎቹ አይደለም። በጣም ንጹሕ ሆኖ ካገኛችሁት ተጠራጠሩ።

የመጀመሪያዎቹ የተራራ ብስክሌቶች

ገና እየሞቀ ያለ ገበያ ነው። በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪፓክ በሚባለው ቁልቁለት ላይ የተሽቀዳደሙት ልጆች የሚነዱት አሮጌ ወፍራም ጎማ ብስክሌት ነበር። በ1981 ስፔሻላይዝድ የሚባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተባለውን የተራራ ብስክሌት ለገበያ ሲያወጣ ነገሩ የሁሉም ሆነ። ዛሬ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ መጀመሪያ የብረት ፍሬም ያለው የተራራ ብስክሌት ተፈላጊ ነው፣ በተለይ ለከተማና ለረጅም ጉዞ ለሚቀይሩት። ብዙ ሰው ጥግ ላይ የጣለው ስለሆነ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። የፊት ሹካው የሚጨመቅ ዓይነት ከሆነ ግን ተዉት። የውስጡ ላስቲክ ደርቆ አልቋል፣ ምትኩም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ፊቱ ትልቅ፣ ኋላው ትንሽ ጎማ ያለው የ1870ዎቹ ብስክሌትስ? ያምራል፣ ቦታ ይይዛል፣ አንገትም ይሰብራል። ሐሰተኛው ብዙ ነው። በቂ ልምድ ከሌላችሁ እለፉት።

ባጭሩ

| ዓይነት | ለመንዳት | ቶሎ መሸጥ | መለዋወጫ | መነሻ ወጪ | ዋና ሥጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| የእንግሊዝ ባለ ሦስት ማርሽ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ሽብልቅ፣ የራሌይ ጥርስ |
| የጣሊያን ውድድር | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ፣ ውድ | ከፍተኛ | የውሸት ስቲከር |
| የፈረንሳይ ውድድር | በጣም ጥሩ | ደካማ | አስቸጋሪ | ዝቅተኛ | ልክና ፕላስቲክ |
| የጃፓን | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ቀላል | ዝቅተኛ | ዝና ማነስ |
| የአሜሪካ ወፍራም ጎማ | ደካማ | ጥሩ | በአብዛኛው ቅጂ | ከፍተኛ | ጭነት፣ አስመሳይ |
| የቀድሞ ተራራ | በጣም ጥሩ | እየጨመረ | ቀላል | በጣም ዝቅተኛ | የሚጨመቅ ሹካ |

ሒሳቡን እንሥራው

አንድ ተራ ብስክሌት በ100 ገዛችሁ እንበል፣ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን። ጎማና ከመነዳሪ 40፣ ገመድና የፍሬን ላስቲክ 15፣ ካቴና 10፣ ጭነት 25። 190 ገባ። 12 ሰዓት ሠራችሁበትና በ220 ሸጣችሁት። በእጃችሁ የቀረው 30 ነው፣ ለሰዓት 2.5። ይህ ሥራ ሳይሆን መዝናኛ ነው። መዝናኛ ከሆነ ችግር የለም፣ ግን ስሙን በስሙ ጥሩት። ያንኑ ብስክሌት በ60 ብትገዙት ትርፉ 70 ይሆናል። የጨመራችሁት አንድ ደቂቃ ሥራ የለም፣ የተከራከራችሁት ብቻ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን አስቡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ጎማ ሁልጊዜ ያለቀ ነው። ኮርቻው ግን አንዳንዴ ያድናችኋል። የብሩክስ የቆዳ ኮርቻ ሳይሰነጠቅ ከተገኘ ለብቻው ገዢ አለው፣ አንዳንዴ የብስክሌቱን ግማሽ ይከፍላል።

አንዳንድ ሰዎች ብስክሌቱን በትነው ዕቃ በዕቃ ይሸጣሉ። በተለይ ሙሉ ካምፓኞሎ ያለበት ሲበተን የበለጠ ያወጣል። እኔ ፍሬሙ የተሰበረ ካልሆነ አላደርገውም። ጤነኛ ብስክሌት ስትበትኑ የሚቀረው ፍሬም ማንም አይሰበስበውም።

ክሮም ላይ ያለ ቀላል ዝገት በተጨማደደ አሉሚኒየም ፎይልና በውኃ ይለቃል። በብረት ብሩሽ ከፈተጋችሁት ግን ክሮሙን ራሱን ነው የምትገፉት።

ማን የቱን ይያዝ

ጥቂት ገንዘብና ጥቂት መሣሪያ ያለው ጀማሪ የቀድሞ ተራራ ወይም የጃፓን ይጀምር። አንዱን ሸጦ ሌላውን ይግዛ፣ ሁለት አንድ ላይ አይያዝ።

በየቀኑ ሊነዳው የሚፈልግ፣ ልብሱም እንዳይቆሽሽበት የሚጨነቅ ሰው የእንግሊዙን ባለ ሦስት ማርሽ ይውሰድ። ዝናብ ባለበት አካባቢ ግን ፍሬኑን ይፈትን። በብረት ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ በጣም ይደክማል።

ገንዘብ ያለው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማየት የሚፈልግ ሰው የጣሊያኑን ይያዝ። ኦርጅናል ቀለም ያለው አንድ፣ ከተቀቡ ሦስት ይሻላል። ቦታ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካውም ያምርበታል።

ለመሸጥ ብቻ የሚገዛ ሰው በሚያውቀው በአንድ ዓይነት ይጽና። የአንዱን ልክ፣ ጥርስና ቁጥር በቃል የያዘ ሻጭ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ከሚያውቀው ይበልጣል። ፎቶ ሲያነሳ ካቴናው ባለበት በቀኝ በኩል ያንሳ፣ ቧጨራውንም ቀረብ ብሎ ያሳይ። ጉድለቱን ራሱ ያሳየ ሻጭ ጋ ገዢ ተመልሶ ይመጣል።

ማናችሁም ብትሆኑ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡ። ተፍቆ ካገኛችሁት ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ብስክሌቱን መልሳችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉት።